‹እኛ› ስትሉ ማንን ቆጥራችሁ ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ቢሮዬ ውስጥ ሁለት ወጣት ጠበቆች ተጣሉ። መነሻው ቀላል ነበር። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቷል። አንደኛው በስልኩ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚያወራ ቪዲዮ እያየ «እኛ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ባሪያ ሆነን አናውቅም» አለ። ክፋት አልነበረበትም። እንደ ዘበት ነው የተናገረው። ሌላኛው ሲኒውን አስቀመጠ። «‹እኛ› ማን ነው? ያንተ አያት የእኔን አያት እየሸጠ አይደል እንዴ የኖረው?» አለው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልደግመውም። ሁለቱም ጎበዝ ልጆች ናቸው። ችሎት ላይ ቆመው በምንም ዓይነት የማይሉትን ነው ቡና ላይ የተባባሉት። በረካው ሳይደርስ ሁሉም ወደየክፍሉ ገባ።

እኔ ዝም አልኩ። በእኔ ዕድሜ ዝምታ እንደ ብልህነት ይቆጠርልናል። ያን ቀን ግን ብልህነት አልነበረም። ከ35 ዓመት በላይ በዓቃቤ ሕግነትና በጥብቅና ሠርቻለሁ። ሰው ታግቶ፣ ሰው ተሸጦ፣ ሰው ደመወዙን ተነጥቆ የቀረቡ መዝገቦችን አገላብጫለሁ። የምለው ነገር ነበረኝ። ዝም ያልኩት ነገሩ የራሴንም ቤት ስለሚነካ ነው። ይህንን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ቀን መናገር ሲገባኝ ስላልተናገርኩ ነው። ለሁለቱ ብቻም አይደለም። ይህ ክርክር በታክሲ፣ በሠርግ ቤት፣ በቢሮ፣ በስልካችሁ ላይ ሁላችሁንም ይገጥማችኋል።

ብዙ ጊዜ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። ስለ ባርነት ስንከራከር ሁሉም ሰው ክርክሩ ውስጥ አለ። አገር አለች። ብሔር አለ። ሃይማኖት አለ። የእኔ አያትና ያንተ አያት አሉ። የተሸጠው ሰውዬ ግን የለም። ምን ይበላ እንደነበር፣ ልጆቹ የት እንደሄዱ፣ እናቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር የሚጠይቅ የለም። እሱ የክርክር ድንጋይ ነው። አንስተን እንወራወርበታለን።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ባወጣችው ሕግ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለች። ገንዘቡ የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው። ለተገዙት ሰዎች አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። የሄይቲ ሰዎች ሰንሰለታቸውን ራሳቸው በጥሰው እ.ኤ.አ. በ1804 ነጻ አገር መሠረቱ። ፈረንሳይ ደግሞ በ1825 «ለጠፋብን ንብረት» ብላ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ጠየቀቻቸው። ከንብረቱ ውስጥ ራሳቸው ሰዎቹ ነበሩበት። በእነዚያ ሁሉ የምክር ቤት ሙግቶች ውስጥም የተገዛው ሰው ከበር ውጭ ነበር የቆመው።

ወደዚያ ‹እኛ› ልመለስ።

«ባሪያ ሆነን አናውቅም» የሚለው አነጋገር ከዓድዋ ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ቅኝ አልተገዛንም፣ ስለዚህ ባሪያ አልሆንንም ይባላል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅኝ ባልተገዛች አገር ውስጥ ሰው በገበያ ተሸጧል። በጅማ ሂርማታ ተሸጧል። በጎጃም የጁቤ ተሸጧል። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ በምጽዋና በታጁራ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ተሻግሯል። የእኛ ሰዎች በአብዛኛው የሄዱት ወደ አሜሪካ አይደለም። ወደ ዓረብ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሕንድ ነው። ስለዚህ በፊልም ላይ አናያቸውም። አለማየታችን ግን አልነበሩም ማለት አይደለም።

ማሊክ አምባርን ሰምታችሁ ይሆናል። በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከዚህ ምድር ተወልዶ በልጅነቱ የተሸጠ ነው። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሕንድ ደረሰ። በመጨረሻ የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። የኃያሉን የሞጉል መንግሥት ጦር ለዓመታት ሲያስጨንቅ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1626 አረፈ። ኢሉባቦር ሁሩሙ የተወለደ ሌላ ልጅ ደግሞ ነበር። ሂካ ይባላል፤ በአፋን ኦሮሞ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነቱ ተሰረቀ። ከብዙ እጅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ዛሬ ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚለው ስሙ እናውቀዋለን። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መለሰ። ሥራው በ1899 ታተመ። የልጅነት ስሙ ሥራው ሆነ። አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖም በባሪያ ጀልባ ስትወሰድ ባሕር ላይ ተይዛ የተለቀቀች ልጅ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቀይ ባሕር ላይ የያዛቸው ጀልባዎች ውስጥ የነበሩት የኦሮሞ ልጆችስ? ከእነሱ መካከል 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ከሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ቃላቸው አንድ በአንድ ተጽፏል። ማን እንደያዛቸው፣ ለማን እንደተሸጡ፣ በስንት እጅ እንዳለፉ ተናግረዋል። ሕፃናት ናቸው። እኔ የልጆች ምስክርነት ችሎት ላይ ሰምቻለሁ። ልጅ ሲመሰክር ክርክር አያውቅም። ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ባርነት መከራከር የሚፈልግ ሰው ከእነሱ ቃል ቢጀምር እወዳለሁ።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ‹እኛ› አይደሉም? «ባሪያ ሆነን አናውቅም» ስትሉ ሂካን አውጥታችሁታል። እነዚያን 64 ልጆች አውጥታችኋቸዋል። አንድ ጊዜ ተሸጠው ወጥተዋል። ሁለተኛ ጊዜ ከ‹እኛ› ውስጥ እየወጡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መልስ ይመጣል። «ባሪያ እንኳን በእኛ አገር ራስና ደጃዝማች ይሆን ነበር፤ ባልቻ አባ ነፍሶን ተመልከት፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ተመልከት» ይባላል። ሁለቱም በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ቤተ መንግሥት ገብተው ያደጉ ታላላቅ ሰዎች ናቸው። እኔም አከብራቸዋለሁ። ግን ለአንድ ሰው የተከፈተ በር ተዘግቶባቸው ለሞቱት ምን ያደርግላቸዋል? የማሊክ አምባርም ነገር እንደዚያው ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ጀልባ የተጫኑት ሌሎቹ ስም የላቸውም።

አሜሪካ ያለ የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ደውሎ ሥራ ቦታ የሆነውን ነገረኝ። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባው ስለ አያቶቹ ሲያወራ «እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ባሪያ አልነበርንም» ብሎ መለሰለት። ልጁ በኩራት ነው የነገረኝ። ሰውየው ዝም አለ አለኝ። እኔ ያን ዝምታ አልወደድኩትም። «አንተ ልጅ፣ ለሰውዬው ምን እንዳልከው ታውቃለህ? ‹ያንተ አያቶች ተሸነፉ፣ የእኔዎቹ ጀግኖች ነበሩ› ነው ያልከው» አልኩት። ባርነት የተገዛው ሰው ውርደት አይደለም። የገዛው ሰው ነውር ነው። ይህን ካልለየን የትኛውንም ክርክር አናውቀውም። ደግሞስ ጣሊያን በመጣብን ጊዜ ከጥቁር አሜሪካውያን መንደሮች ስንት ሰው ነው አብሮን ያለቀሰው? ከቺካጎ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ የገባው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከማን ወገን ነበር? ከባርነት ከወጣ ሕዝብ ነው የመጣው። የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆኖ በጦርነቱ በረረ። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ አዲስ አበባ ሞተ። እሱ ‹እኛ› ውስጥ ገብቶ ነበር። እኛ ግን እሱን አስወጥተን እንናገራለን። የእህቴ ልጅ ይህንን አያውቅም ነበር። በማግስቱ ባልደረባውን ይቅርታ እንደጠየቀው ደውሎ ነገረኝ። ስለዚህ ልጅ ሁሌም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

‹ጨዋ› የሚለውን ቃል ሁላችንም እንወደዋለን። ሥርዓት ያለው፣ የታረመ፣ አንደበቱ ደህና የሆነ ሰው ጨዋ ነው። ቤተ ክህነት አካባቢ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጨዋ ይባላል። ሦስተኛ ትርጉም አለው። ጨዋ ማለት ባሪያ ያልሆነ ማለት ነው። ‹የጨዋ ልጅ› ስንል ብዙዎቻችን ይህን አናስበውም። ሽማግሌዎች ግን ያስቡታል። ሽምግልና ተልኮ «ዘሩ ምንድን ነው? ሰባት ቤቱ ይታወቃል?» ሲባል የሚጠየቀው ዝምድና ብቻ አይደለም። ይህ ልዩነት አገር ለቆ እንኳን አልጠፋም። እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ሳይቀር ጨዋና ባሪያ የሚለው መለያየት ጋብቻ ላይ ብቅ እያለ እንደቆየ ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። በደቡብም የባሪያ ዘር ተብለው ጋብቻም ሹመትም የሚከለከሉ ቤተሰቦች አሉ። ባርነት በሕግ ከቀረ ግን ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ። የተማረ፣ ደግ፣ ለእናቱ የሚታዘዝ ልጅ ነው። የልጅቷ ቤት ተቀበሉን፣ አበሉን፣ አጠጡን። «ቀጠሮ እንሰጣችኋለን» ተባልን። ስንወጣ አንድ ዘመድ ወደ ጎን ሳብ አድርጎ በጆሮዬ አንድ ቃል ነገረኝ። የልጁ ቅድመ አያት በማን ቤት እንደነበረች ነው የነገረኝ። ቀጠሮው አልመጣም። ልጁ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «አልተስማሙም» አልኩት። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሕገ መንግሥቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት እንዳይያዝ ይከለክላል። ያ በጆሮዬ የተነገረው ቃል ግን በየትኛውም አንቀጽ አይከሰስም። የሚከለክለው እዚያ የቆመ ሰው ብቻ ነው። እዚያ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። መልስ ሳልሰጥ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ይህን የምነግራችሁ እናንተም እዚያ ቦታ ላይ ስለምትቆሙ ነው። እናንተ ሽማግሌ የምትላኩበት ዘመን ቅርብ ነው። በጆሮአችሁ ሲነገራችሁ ጮክ ብላችሁ ድገሙት። «ምን አልከኝ? ልጁን የምትከለክሉት ቅድመ አያቱ ስለተሸጠች ነው?» በሉ። በሹክሹክታ የሚኖር ነገር ጮክ ሲባል ያፍራል።

ሌላው የቤታችን መከራከሪያ «የእኛ አገር ባሪያ እኮ እንደ ቤተሰብ ነበር» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ሁሉ ዋሽተዋል አልልም። እኔም ያደግሁት እንደዚያ እየሰማሁ ነው። ሰሜን ሸዋ አያቴ ቤት አንዲት አሮጊት ነበረች። እኔ ሳውቃት ባርነትን ያስቀረው ሕግ ከወጣ 25 ዓመት ገደማ ሆኖታል። አልወጣችም። ምድጃው አጠገብ ነው የምትተኛው። እንጀራ ስትጋግር የመጀመሪያውን ለእኔ ነበር የምትሰጠኝ። አዝላኛለች። እህል ስትሰፍር በማናውቀው ቋንቋ ትቆጥራለች። እኛ ልጆቹ እንደ ዘፈን ይዘነው ነበር። ኢኮ፣ ጉቶ፣ ኬሞ እያልን ግቢው ውስጥ እንሮጣለን። አያቴ ትወዳት ነበር። ይህ እውነት ነው።

ግን አሁን የሙያዬን ጥያቄ ልጠይቅ። ብትፈልግ መሄድ ትችል ነበር? የት? ወንድሟ የት እንዳለ ታውቃለች? ልጅ ብትወልድ ልጁ የማን ነበር? አያቴ ስትሞት ርስት ሲከፋፈል የእሷ ስም የት ላይ ተጻፈ? እንደ ቤተሰብ የሆነ ሰው ይወርሳል። እሷ አልወረሰችም። እንዲያውም እሷ ራሷ አንድ ጊዜ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት በጥሎሽ የመጣች መሆኗን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ፍትሐ ነገሥት እንኳን ነጻነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ የተሰጠ መሆኑን ይናገራል። ወዲያው ቀጥሎ ጦርነት ሰውን የሰው ባሪያ እንደሚያደርግ ጠቅሶ የአገዛዙን ሥርዓት ይደነግጋል። አባቶቻችን እውነቱን ያውቁት ነበር። ከእውነቱ ጋር አብረው ኖሩ። ፍቅርም ነበር፣ ባለቤትነትም ነበር፤ ፍቅሩ ባለቤትነቱን አልሰረዘውም።

ስለዚህ ጉዳይ ስንናገር የምንደነግጠው በምክንያት ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው። በመጋቢት ወር ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። በ1923 ዓ.ም. ተጠናከረ። ሥራው ግን አዝጋሚ ነበር። ብዙ መኳንንት ራሳቸው ባለ ባሪያ ነበሩ። ጣሊያን ይህንን አየች። በ1927 ዓ.ም. መገባደጃ ጄኔቫ ላይ ለዚሁ ማኅበር ባቀረበችው ረጅም የክስ ሰነድ ባርነትን ዋና ማስረጃ አደረገችው። ጥቅምት 1928 ትግራይ እንደገባች ባሪያዎችን ነጻ አወጣሁ ብላ አወጀች። በዚያው ጦርነት የመርዝ ጋዝ አዘነበች። የተናገረችው ነገር እውነት ነበረበት። የተናገረችበት ዓላማ ግን አገር መውረር ነው። ባሪያ የተባለው ሰው ለእሷም መሣሪያ እንጂ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ አንድ ልማድ ቀረ። ስለ ባርነት የሚያነሳ ሰው ሁሉ ጠላት ይመስለናል። ወገን ሲያነሳውም «የጣሊያን ወሬ ነው» እንላለን። ሕጋዊ ባርነትን ጨርሶ ያስቀረው አዋጅ የወጣው ከነጻነት በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ስለተናገረችው ውሸት አልሆነም። እኛ ራሳችን እውነት መሆኑን አምነን አዋጅ አውጥተንበታል።

በስልካችሁ ላይ የሚካሄደው የብሔር ክርክር ደግሞ ሌላ ነው። «የእናንተ አያቶች ባሪያ ፈንጋይ ነበሩ» ይላል አንዱ። «የእናንተም ነገሥታት ይነግዱ ነበር» ይላል ሌላው። ሁለቱም ከታሪክ ማስረጃ አያጡም። ክርስቲያን ነግዷል፣ እስላም ነግዷል። የሰሜን መኳንንት ነግደዋል። የጊቤ ነገሥታት ነግደዋል። የቤኒሻንጉል ሼኮች ነግደዋል። የተሸጠው ግን በብዛት ከደቡብ፣ ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ ጠረፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጦር ወደዚያ በዘመተ ጊዜ ደግሞ በጣም ባሰ። እንግዲህ «ሁሉም አድርጎታል» የሚለው መልስ ልክ ነው፤ መከላከያ ግን አይደለም። ችሎት ፊት ቆሜ «ደንበኛዬ ብቻውን አልሰረቀም» ብል ዳኛው ምን ይለኛል? በሌላ በኩል ወንጀል አይወረስም። የ22 ዓመት ልጅ አያቱ ባደረገው አይከሰስም። እዚያ ቡና ላይ «ያንተ አያት» ያለው ልጅ ይህን ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። ወንጀል አይወረስም፣ ርስት ግን ይወረሳል። ስድብም ይወረሳል። «ባሪያ» ብሎ የሚሳደብ የዛሬ ልጅ ከአያቱ የወረሰውን ነው የሚመነዝረው። ለዚያ ግን እሱ ራሱ ተጠያቂ ነው።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ የተመለሱበትን ጊዜ የምታስታውሱት ጥቂት ናችሁ። በዚያ ሰሞን አንዲት ወጣት ደላላዋን ልትከስ ቢሮዬ መጣች። በኮንትራት ነው የሄደችው። ገና ስትደርስ ፓስፖርቷን ማዳም ወሰደችው። ስልኳንም ወሰደችው። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ‹ከፊል› በሚባለው አሠሪዋ ስም ነው የታሰረው። ከዚያ ቤት ያለ እሱ ፈቃድ ከወጣች ‹ጠፍታለች› ትባላለች፤ ከዚያ በኋላ ሕገ ወጥ ናት። የ11 ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ማዳም ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍባታለች። ይህንን ለዘመዶቿ ስትነግር «ወደሽ ነው የሄድሽው፤ የምን ባርነት ነው? ደመወዝ ተስማምተሽ አይደል?» እንዳሏት ነገረችኝ።

ይህ ክርክር በየቤቱ አለ። ልጆቼ፣ በዚህ ላይ ሕግ ይርዳችሁ። የመንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣው ስምምነት ባርነትን ሲተረጉም ስለ ሰንሰለት አላወራም። ስለ ገበያም አላወራም። በአንድ ሰው ላይ የባለቤትነት ሥልጣን ሁሉም ወይም ከፊሉ የሚሠራበት ሁኔታ ነው ያለው። እኔ ይህንን ለራሴ አጭር አድርጌዋለሁ። ቁልፉ በማን እጅ ነው? ፈልጋ ሄደች ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። ፈልጋ መውጣት ትችላለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በር ሲከፈት ሳይሆን ሲዘጋ ነው ነገሩ የሚታወቀው። ሳዑዲ ዓረቢያ ባርነትን በሕግ ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ኦማን በ1970 ነው። በዚያ ዘመን የተወለዱ ሰዎች ዛሬ ቤት ያስተዳድራሉ። ልማድ ከአዋጅ በኋላ ብዙ ዓመት ይኖራል። እኛም አይተነዋል።

ከዚያች ልጅ በልቤ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሏን ስጽፍ ቤቱ ውስጥ ልጆቹ ‹ዓብዳ› እያሉ እንደሚጠሯት ነገረችኝ። ባሪያ ማለት ነው። ከዚያ ቆም አለች። «አባባ፣ እኛም ቤት አንዲት ልጅ ነበረች» አለችኝ። ከገጠር ‹ዘመድ ናት፣ እናስተምራታለን› ተብላ የመጣች ናት። ትምህርት ቤት የሄደችው ሁለት ወር ብቻ ነው። ሁሉም ከተኛ በኋላ ወጥ ቤት ትተኛለች። ደመወዝ አልነበራትም፤ ‹እንደ ልጃችን ናት› ይባላል። የደንበኛዬ እናት ሲናደዱ ‹ይቺ ባሪያ› ይሏታል። «እዚያ ሆኜ ሌሊት ሌሊት የምታስበኝ እሷ ነበረች። ስሟን ግን በትክክል አላስታውሰውም» አለችኝና አለቀሰች። ብዕሬን አስቀመጥኩ። የአያቴ ቤት መጣብኝ።

የዓለም ሥራ ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ግምት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ናቸው። 28 ሚሊዮን ያህሉ በግዳጅ ሥራ፣ 22 ሚሊዮን ያህሉ ሳይፈቅዱ በተፈጸመ ጋብቻ ነው። ሁለተኛው ቁጥር እኛን ሊያስደነግጠን ይገባል። ጠለፋን ‹ባህል› እያልን የኖርን ሰዎች ነን። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ እስከዋለው የወንጀል ሕግ ድረስ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበር። የሰው ንግድን በሚመለከትም ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለን። ጠንካራ አዋጅ ነው። ነገር ግን የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አትሸፈንም። ለድርጅት ሠራተኛ የተሰጠው የሥራ ሰዓት፣ የእረፍት ቀን፣ የስንብት ሥርዓት ለእሷ አልተሰጣትም። ስለ ዓረብ አገር ማዳሞች በትክክል የሚቆጣ ሰው ከወጥ ቤቱ ያለችውን ልጅ ሲጠራ ድምፁ እንዴት እንደሆነ ራሱን ያድምጥ። እናንተ ገና ቤት ልትመሠርቱ ነው። ደመወዟ በራሷ እጅ ወይም በራሷ የባንክ ደብተር ይግባ። መታወቂያዋን አትያዙባት። የእረፍት ቀኗን እሷ ትምረጥ። የበሩን ቁልፍ ስጧት። በስሟ ጥሯት።

ከእናንተ መካከል «የቢሮ ሥራ ዘመናዊ ባርነት ነው» የምትሉ አላችሁ። ድካማችሁ ይገባኛል። የቤት ኪራዩም፣ የአለቃው ጠባይም ይገባኛል። ግን ነገ ደብዳቤ ጽፋችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ያቺ ልጅ 11 ወር የተመኘችው ያንን ነው። ቃሉን ለእሷ ተዉላት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ገና ዓቃቤ ሕግ ሳለሁ ለመዝገብ ሥራ ቦንጋ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። አንዲት እናት ኮረሪማ ሲሸጡ ቆምኩ። ለገዢው አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይሰጣሉ። ኢኮ፣ ጉቶ፣ ኬሞ። እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ከሰላሳ ዓመት በላይ አልሰማሁትም ነበር። ቀጣዩን ሳይሉ እኔ አልኩት። ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። «ከፍኛ የት ተማርክ ልጄ?» አሉኝ።

«አያቴ ቤት» አልኳቸው።

«አያትህ የከፋ ሰው ናቸው?»

አይደሉም አልኩ። ያሳደገችኝ ሴት ነበረች አልኩ። ከከፋ መምጣቷን አሁን ገና ማወቄን ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። እሳቸው ቶሎ ገባቸው። የከፋ ንጉሥ በ1890 ዓ.ም. ከተማረከ በኋላ ከዚያ አገር ስንት ሰው እንደተነዳ የነገረኝ የለም፤ እሳቸው ግን ከእናታቸው ሰምተዋል።

«ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ።

ቤታችን ይጠራት የነበረውን ስም ነገርኳቸው። ደግመው አስጠሩኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ የእኛ ስም አይደለም» አሉኝ። ኮረሪማውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ገንዘቤን አልተቀበሉኝም።